ተረፈ፣ የስሜኑ ቀይ ቀበሮ

ስሙማ የአምባራስ ሰዎች! ደባርቅም ዳባትም ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅና ወደ ቧሂት የሚወጣው መንገድ በእናንተ በኩል ስለሚያልፍ የማታዩት ነገር የለም። ገብስ የጫነ አህያ ታያላችሁ፣ ፈረንጅ የጫነ መኪና ታያላችሁ፣ ለገበያ የሚነዳ በግ ታያላችሁ። የእኔ ባለታሪክ ግን መንገድ አይወድም። አገሩ ከመንገዱ በላይ ነው፤ ጅብራው የሚቆምበት፣ ጓሳው የሚለብሰው፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ የሚያነጣው ደጋ። ቀይ ቀበሮ ነው፤ ስሙም ተረፈ ይባላል።

«ቀበሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስም ያወጣው?» የምትሉ አላችሁ። ታገሱኝ፤ ስሙ የወጣለት በኋላ ነው። አስቀድሞ ዘሩ ይቆጠር፤ ባለታሪክ ዘሩ ሳይቆጠር ትረካ አይጀመርም።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ወደዚህ ተራራ ወጣ። ዋልያን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው እሱ ነው፤ ቀይ ቀበሮንም እንዲሁ። ለቀበሮው የሰጠው የላቲን ስም ስሜንን የሚጠራ ነው፤ ካኒስ ሲመንሲስ ይላል። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ካለው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ባሌ ነው፤ በመዝገቡ ግን የባሌውም ስሜኔ ነው። ይህን ለባሌ ሰው እንዳትነግሩብኝ።

መልኩን ታውቁታላችሁ። ጠጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭን ነው። ወንዱ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሴቷ 13 ገደማ፤ ከሩቅ ሲያዩት የሚመስለውን ያህል ትልቅ አይደለም። ኑሮው ከዘመድ ጋር ነው። ጎህ ሲቀድ እናት ከልጅ፣ ወንድም ከወንድም ይገናኛል፣ ይተሻሻል፣ አብሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ተሰልፎ የርስቱን ዳር ዳር ይዞራል፣ ድንበሩ ላይ እየሸና ምልክት ያደርጋል። ለአደን ሲሆን ግን ሁሉም ለየብቻው ይበተናል፤ አይጥ ለሁለት አይበላማ! በመንጋው ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ናት። ሌሎቹ አክስትና አጎት ሆነው ጉድጓዱን ይጠብቁላታል፣ የበሉትን ከሆዳቸው እያስመለሱ ግልገሎቿን ይመግቡላታል። ይህን አስታውሱ፤ ቀይ ቀበሮ ለብቻው ሲቀር ግማሽ ሰውነቱን ያጣ ፍጥረት ነው።

ስለ አይጡ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከትረካው ትንሽ ወጣ ቢልም ደስ ይላል። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አብረው ሲውሉ ያዩ ተመራማሪዎች ቆጠራ ጀመሩ። ቀበሮው ሣር በሚነጩት ጭላዳዎች መካከል ቀስ ብሎ እየሄደ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል። ለብቻው ሲሆን የሚሳካለት ከአራት አንዱ ነው። አጠገቡ የሚንጫጫውን የጭላዳ ግልገል አይነካም፤ ከነካ ጉርብትናው እንደሚፈርስ ያወቀ ይመስላል። ጭላዳዎቹም ተራ ውሻ ሲያዩ ወደ ገደል የሚሸሹትን ያህል እሱን አይሸሹም።

ታዲያ እንዲህ ያለ አይጥ በል፣ የገብስ ጠላት የሆነውን የሚለቅምልን ፍጥረት፣ ለምን ይጠላል? መልሱን እናንተ ትነግሩኛላችሁ፤ ጠቦት ነው። አልፎ አልፎ ጠቦት ይነካል። ጅብ የወሰደው፣ ነብር የወሰደው፣ ተራ ቀበሮ የወሰደውም በእሱ ስም ይቆጠራል። ቀይ ነዋ፤ በቀን ይሄዳል፤ ይታያል። ሌሊት የሰረቀው ሳይታይ ቀን የሄደው ይከሰሳል።

አሁን ወደ ቁጥር ልግባ፤ አጭር ነው፣ አይሰለቻችሁ። በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ሁሉ ቢሰበሰብ 500 አይሞላም። ሁሉም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ በየትኛውም አገር መካነ እንስሳት አንድ እንኳ የለም። ይህ ማለት እዚህ ተራራ ላይ የጠፋ እንደሆነ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ የሚመጣ ዘር የለውም። ጎጃም ጮቄ ላይ ነበረ፤ ጠፋ። ጎንደር ጉና ላይ ነበረ፤ እሱም በእኛው ዘመን ጠፋ። ስሜን ላይ የቀረው ሰባ ቢሆን ነው። ባሌ ብዙ አለ ብዬ ነበር፤ ባሌም ግን የውሻ በሽታ ሲገባ ምን እንደሚሆን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ወብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ከሰባ ላይ አንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ አስቡት። በአንድ ቀበሌ ሰባ ሰው ብቻ ቢቀር የአንዱ እግር መሰበር የቤተሰቡ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አሁን ደረስን።

ዘመኑ 2012 ዓ.ም. ነው። ኮሮና ገብቷል። መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ፤ ሚያዝያ ሲብት አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ሆነ። ፈረንጅ ቀረ። በቅሎ አከራዩ፣ መንገድ መሪው፣ ምግብ አብሳዩ ደባርቅ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። መንገዱ ላይ የሚታየው ገብስ የጫነው አህያ ብቻ ሆነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን ሥራቸውን ያላቋረጡ ሰዎች ነበሩ፤ የስሜን ፓርክ ስካውቶችና የቀይ ቀበሮ ተከታታዮች። ተከታታዮቹ የሚሠሩት በኢትዮጵያ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ክላውዲዮ ሲሌሮ የተባለው የኦክስፎርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቋቋመው ድርጅት ነው። ሥራቸው በማለዳ መነሳት፣ አቅርቦ ማያ መነጽር ማንጠልጠል፣ የትኛው መንጋ የት እንደዋለ፣ ስንት ግልገል እንደወጣ፣ ማን እንደጎደለ መጻፍ ነው። ውርጩንም ዝናቡንም ችለው የሚሠሩት የዚሁ ተራራ ልጆች ናቸው።

ግንቦት ላይ አንድ ወንድ ቀበሮ ቆስሎ ተገኘ። በጥይት ተመትቶ እግሩ ተሰብሯል። ማን ተኮሰ? እሱን መፈለግ የዚህ ትረካ ሥራ አይደለም። በዚህ አገር ጠመንጃ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ በግ የሌለውም ጥቂት ነው።

ከመካከላችሁ አንዱ አዋቂ «ታዲያ ለምን አይገላግሉትም ነበር? የተሰበረ እግር ይዞ አይጥ አይያዝ» ይለኛል። እውነትህን ነው አያ። የፈረስ እግር ሲሰበር ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ሌላውም ይነሳና «ለምን አይተዉትም ነበር? ዱር ነው፤ ዱር የራሱን ሕግ ያውቃል» ይላል። ይህም እውነት ነው። የዱር አራዊት ሰዎች ራሳቸው የሚሄዱበት ሕግ ይኸው ነው፤ ነብር ያቆሰለውን፣ በሽታ የጣለውን፣ ርስት በመጋፋት የተነከሰውን አይነኩም። ይህኛውን ግን ነብር አላቆሰለውም። ሰው ነው የሰበረው፤ ሰው የሰበረውን ሰው ቢጠግን ዱሩ ተበደልኩ አይልም። በዚያ ላይ ከሰባ ገደማው አንዱ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንም ይታከም አለ።

ይታከም ማለት ቀላል ነው። እንዴት?

እስቲ ለአፍታ ወደ ባሕር ልውሰዳችሁ፤ ባሕር ከእኛ ከራቀ ብዙ ዓመት ቢሆንም። ኬንያ ጠረፍ ላይ ዋታሙ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲስብ የባሕር ኤሊ ተጠላልፋ ካገኘ ስልክ ይደውላል፤ ሰዎች መጥተው ይወስዷታል፣ የታመመች ከሆነች ገንዳ ውስጥ አስገብተው ያክሟታል፣ ስትድን ወደ ባሕር ይለቋታል። ሥራው ከጀመረ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ገንዳው አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ «ያለፈው ጊዜ እንዲህ አድርገን ነበር» የሚል ሰው አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ለባሕር ኤሊ ብቻ የተሠራ ሆስፒታል አለ፤ ማስታገሻውም ማንሻውም ተሟልቶ። እኛም ዘንድ ሆለታ አጠገብ እንስሳ ኮቴ የሚባል የዱር እንስሳት ማቆያ አለ፤ ቦርን ፍሪ ያቋቋመው ነው። ከሰው እጅ የተቀሙ፣ በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶች እዚያ ያርፋሉ። አንበሶቹ ግን እዚያው ይሞታሉ እንጂ ዱር አይመለሱም፤ በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ማደን ካለመቻሉ ሌላ ሰውን መፍራት ረስቷል።

ለቀይ ቀበሮ ግን ልምድ የሚባል አልነበረም። ከሩፔል ዘመን ጀምሮ እስከዚያ ግንቦት ድረስ አንድ ቀይ ቀበሮ ቆስሎ ተይዞ፣ ታክሞ፣ ወደ ዱሩ ተመልሶ አያውቅም። ምን ያህል ማስታገሻ እንደሚበቃው፣ ታስሮ ምግብ ይቀምስ እንደሆነ፣ ሲለቀቅ መንጋው ይቀበለው እንደሆነ የሚጠይቁት ሰው የለም። ወደ ሆለታ መኪና ላይ ጭኖ መውሰድ ደግሞ ከውርጭ አገር አውጥቶ፣ የውሻ መንደር አሳልፎ፣ ለማያውቀው በሽታ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ተራራው ላይ፣ በአገሩ አየር፣ ለጊዜው በተዘጋጀች ማቆያ ውስጥ ቆየ።

እዚህ ላይ ልዘግይባችሁ፤ ትረካዬ የተጠመደው በዚህ ነው።

ቁስል ራሱ የሚታወቅ ነገር ነው። መግል እንዳይዝ መድኃኒት ይሰጣል፣ ሥጋው ይጸዳል፣ አጥንቱ እስኪገጥም ዕረፍት ይፈልጋል። ሰው ቢሆን ተኛ ትለዋለህ። ፈረስ ቢሆን ባለቤቱ አንገቱን ይዞ ያባብለዋል። አውሬን ግን ማን ተኛ ይለዋል? የዱር አራዊት ሐኪም ከቁስሉ ይልቅ የሚፈራው ድንጋጤውን ነው። ዱር የለመደ ፍጥረት ሰው ሲቀርበው፣ ድምፅ ሲሰማ፣ ሲያዝ፣ ልቡ ይመታል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ጡንቻው ራሱን ይበላል፤ ከጥይት የተረፈ አውሬ በድንጋጤ ብቻ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕክምና ሰው ሲበዛበት ይበላሻል። የሚገባው ሰው ጥቂት ይሁን። ድምፅ አይሰማ። ዐይኑ የሚሸሸግበት ጨለማ ጥግ ይኑረው። ውሻ በአካባቢው አይለፍ፤ ውሻ ይዞ የሚመጣው በሽታ ከጥይቱ የባሰ ነው።

ይህን ሁሉ ያሟላህ እንደሆነ ደግሞ ከፍርሃቱ የሚብስ ነገር ይመጣል፤ ፍርሃቱ ይለቀዋል። በየቀኑ ሥጋ የሚያመጣለትን ሰው ሽታ ይለምዳል። ይኼኔ እኔና እናንተ ብንሆን ደስ ይለናል። «አየኸው፣ አወቀኝ!» እንላለን፣ ራሱን እንዳስሳለን፣ ልጆቻችንን ጠርተን እናሳያለን። ለእሱ ግን ሞቱ ነው። ሰው ማለት ሥጋ ነው ብሎ የተማረ ቀበሮ በተለቀቀ ማግስት ወደ መንደር ይወርዳል፤ መንደር ውስጥ ደግሞ ያው ጠመንጃ አለ። የሚያሳክሙት ሰዎች ሊያተርፉት የሚችሉት ሳይወዳጁት ነው። አብላው፣ አትየው። አድነው፣ አታጫውተው። ሌሊት ሲጮኽ ስማው፣ አትሂድለት። እናት የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ልጅን ጡት ማስጣል ከማጥባት ይከብዳል።

ሌላም የሚያጣድፍ ነገር አለ። እሱ ማቆያ ውስጥ ሳለ ዱሩ አይጠብቀውም። መንጋው በየጠዋቱ ድንበሩን ይዞራል፤ አንድ ወንድ የጎደለበትን ቦታ ሌላው ይይዘዋል። አጥንቱ ሳይገጥም ቢለቀቅ አይጥ አይዝም። ገጥሞ ቆይቶ ቢለቀቅ ደግሞ አገር አልባ ይሆናል። በዚህና በዚያ መካከል ትክክለኛዋን ቀን መምረጥ ሐኪሙንም ተከታታዮቹንም እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

ሃምሳ ቀን ያህል ቆየ። ግንቦት የገባ ቀበሮ ክረምት ሲገባ እዚያው ነበር፤ በረዶው ሲወርድ፣ ጉሙ ጠዋትና ማታ ሲጋርድ። አጥንቱ ገጠመ። እግሩን መርገጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ስሙ የወጣው፤ ተረፈ አሉት። ከእኛ መካከል ስንቱ ነው በእንዲህ ያለ ምክንያት ይህን ስም የያዘው!

ሲለቀቅ አንገቱ ላይ ቀለል ያለ ጂፒኤስ ታሰረለት፤ የት እንደዋለ የት እንዳደረ ከሰማይ የሚናገር ዕቃ ነው። በሩ ተከፈተ። ወጣ። ዞር ብሎ ምስጋና አላቀረበም፤ ይህን እንድነግራችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አዝናለሁ። ሄደ፤ መሄዱም ሕክምናው መያዙን የሚያሳይ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ አልተቀመጠም። ተራራ ለተራራ ዞረ፣ የሌሎችን ርስት አቋረጠ። በዚያ በታመመ እግር ነው ይህን ሁሉ የሄደው። ከመንጋ የተለየ ወንድ ቀበሮ ባዕድ ነው፤ የሌሎቹ ድንበር ላይ ከተያዘ ይነከሳል። ጂፒኤሱ ቦታውን ይናገራል፣ ተከታታዮቹ ተከትለው ይወጣሉ፣ መንደር አጠገብ ሲደርስ መንደሩን ያነጋግራሉ።

ትረካው ያልተጠበቀ መልክ የያዘው እዚህ ጋ ነው። ሰዉ ስለ ተረፈ መጠየቅ ጀመረ። «ያ ቀበሮ ደህና ነው? የት ደረሰ? ብቻውን ነው? ብርዱን እንዴት ቻለው?» ቀይ ቀበሮ ባየ ቁጥር ድንጋይ ያነሳ የነበረ ሰው ስለ አንዱ መጨነቅ ጀመረ። ታሪኩን በኋላ የጻፉትን ተመራማሪዎች ያስደነቃቸው ከአጥንቱ መግጠም ይልቅ ይኼ ነው። እኔ ግን ብዙም አልደነቀኝም። ቀበሮ ሲባል የሚታሰበን የጠፋ ጠቦት ነው፤ ተረፈ ሲባል የሚታሰበን የተሰበረ እግር ነው። በስሙ የጠራኸውን ለመምታት እጅ ይከብዳል። ለዓመታት «ብርቅዬ ነው፣ የትም የለም» እየተባለ በየስብሰባው የተነገረው ያላመጣውን ነገር አንድ አንካሳ ቀበሮ አመጣው። ስብሰባ ጠሪዎቹ አይቀየሙኝ።

ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ። 2013 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያልቅ ጦርነት ተነሳ፤ ነሐሴ ላይ ዳባትና ደባርቅ ወረዳ ድረስ ገባ። እሱን ዛሬ አልተርክም፤ የሚተረክበት ቀን ሌላ ነው፣ የሚያለቅስበትም ሰው አለ። በዚያ ሁሉ መካከል ተራራው ላይ የነበረው ቀበሮ ግን የራሱን ኑሮ ኖረ። አጣማጅ አገኘ፤ ቤተሰብ መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሳንድራ ላይ የተባለችው የኦክስፎርድ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ታሪኩን በሳይንስ ጽሑፍ አሰፈረችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆሰለ ቀይ ቀበሮ ታክሞ ወደ ዱር ተመለሰ ተብሎ በዓለም ተሰማ። ከሩፔል ወዲህ በስሜን ስም ወደ መዝገብ የገባ ሌላ ቀበሮ መሆኑ ነው፤ የአሁኑ ግን በሕይወቱ ሳለ ገባ።

አሁን ከኋላ ያለኸው እጅህን ያነሳኸው፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። «ከዳነ በኋላ በግ በልቷል ወይስ አልበላም?» ነው የምትለው። የቀይ ቀበሮን ኩስ እየሰበሰቡ የበላውን የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ ውስጡ የሚያገኙት በብዛት የአይጥ ጠጉርና አጥንት ነው። የበግ ጠጉርም አልፎ አልፎ ይገኛል። የተረፈን ነገር በተለየ ካልከኝ ደግሞ፣ አንገቱ ላይ የነበረው ዕቃ የሚናገረው የት እንደቆመ ብቻ ነበር። አፉ ውስጥ ምን እንደነበረ ጂፒኤስ አይናገርም፤ ለዚያ የበጎቹን እረኛ ጠይቅ፣ እሱ ደግሞ የእህትህ ልጅ ነው።